አቶ ጥጋቡ የአዲሲቱን አገር ዕዳ ሲያስረዱ

አምስት አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የዓለምን ኢኮኖሚ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። የስዊዘርላንዱ ድርሻችን ክቡር አቶ ጥጋቡ ናቸው። በወጣትነታቸው ገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ወር ሠርተዋል። ዛሬ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ከተማ ካለ መጋዘን ካርቶን ይደረድራሉ። እሳቸውን ብትጠይቁ ግን ከሚኒስቴሩ የወጡት ለአጭር ዕረፍት ነው።

“ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ከመሠረቱ እንነሣ” ይላሉ። የሽንኩርት ዋጋ የጠየቃቸው ሰው የዶላርን አመጣጥ ሰምቶ ይመለሳል። አንድ ለቅሶ ቤት ስለ ወለድ ጀምረው፣ ሐዘንተኛዋ እንባዋን ጠርጋ እስክሪብቶ ፈለገች ይባላል።

የወይንሐረግ ጄኔቫ ውስጥ የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ናት። የሰውየው አገር ነፃ ከወጣች ገና ብዙም አልቆየችም፤ የወይንሐረግም ደመወዝ ካየች አራት ወሯ ነው። እመቤቲቱ “አገራችን ገና ልጅ ናት፣ ታገሺን” ትላታለች። የመኖሪያ ፈቃዷ ከዚያ ቤት ጋር የታሰረ ስለሆነ ጥላ መውጣት አትችልም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደመወዟ መቼ እንደሚመጣ አቶ ጥጋቡን ጠየቀቻቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ነዳጅ ቧንቧ፣ ስለ ቦንድ፣ ገና ባልተወለዱ ሕፃናት ስም ስለተወሰደ ብድር ተማረች። መቼ እንደሚከፈላት ግን አላወቀችም። ጭራሽ ግራ ገብቷት ለአገሪቱ አዘነችላት።

ሐዘኗ መዘዝ አመጣ። የነፃነት በዓል ደርሶ እመቤቲቱ እንግዳ ጠርታ ባዶ ማቀዝቀዣ ፊት ስትቆም፣ የወይንሐረግ በዓሉ እንዲህ ሲያልፍ ማየት አልሆነላትም። የወጣላትን እቁብ አውጥታ ሥጋውንም ወይኑንም ገዛች። እንግዶቹ ለአገሪቱ ብልጽግና ብርጭቆ ሲያነሡ፣ ሳህን ይዛ በመካከላቸው የምትዞረው እሷው ነበረች።

ይህን ስትነግራቸው አቶ ጥጋቡ ዝም አሉ። ከዚያ በፊት ዝም ሲሉ ያየ የለም።

“ስለዚህ ከአበዳሪዎቹ አንዷ አንቺ ነሽ” አሉ በመጨረሻ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክራቫት አስረው፣ ዲፕሎማቱን ሊያነጋግሩ በባቡር ጄኔቫ መጡ። የሳሎኑ በር ሦስት ሰዓት ሙሉ ተዘጋ። የወይንሐረግ ወጥ ቤት ሆና፣ ከመሠረቱ ጀምረዋል ማለት ነው ብላ ተስፋ ቆረጠች።

ሲወጡ ክራቫታቸው ላልቷል። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘቻቸው።

“ምን አሉ፣ ጋሼ?”

“ነገሩ ቀላል ነው። የላቸውም። ሰውየው ራሱ ደመወዝ ካገኘ ሰባት ወሩ ነው። ሲያለቅስ ሳባብለው ነው የቆየሁት።”

“እኔስ?”

“ሰኞ የዲፕሎማት ቤት ሠራተኞችን አቤቱታ ወደሚሰማው አስታራቂ ቢሮ እንሄዳለን። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ።”

“ከዚያስ?”

“አላውቅም” አሉ።

አራት ወር ያለ ደመወዝ መቆየቱ እንኳ የዚህን ቃል ያህል አላስፈራትም። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“እስቲ ጋሼ፣ ከመሠረቱ ያስረዱኝ።”

ቀና አሉ። ክራቫታቸውን አጠበቁ። ወደ ዙሪክ የሚሄዱ ሦስት ባቡሮች መጥተው ሄዱ። የወይንሐረግ አንድም ነገር አልገባትም፤ አራተኛው ሲደርስ ግን፣ እንዳይነሡባት ቶሎ ብላ፣ “ወለዱስ?” ስትል ጠየቀቻቸው።