ሽምብራ የጣለው ማን ነው?

ሰው በቅሎ ገዝቶ ሰጋር ስትሆንለት፣ «ጥርሷን አይቼ፣ እግሯን ፈትሼ፣ እኔው ራሴ መርጬ የገዛኋት» ይላል። ያችው በቅሎ በሳምንቱ ረግጣ መሬት ላይ ብትዘረጋው ግን መራጩ ወዲያው ይለወጣል። «ያ ደላላ አሞኘኝ!» ሚስትም ያው ናት። የሠመረለት «ዓይኔ ነው ያመጣት» ሲል፣ ያልሠመረለት «እናቴ ናት የጫነችብኝ» ይላል። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንሁ አልናገርም። ወይዘሮ ዘነበች የጻፍሁትን ሁሉ እያስነበበች ትሰማለች።

እንግዲህ በበቅሎና በሚስት እንዲህ የሚክድ ሰው፣ ፕሬዚዳንት ምረጥ ቢሉት ምን ያደርጋል?

«ደግሞ በኛ አገር ፕሬዚዳንት ከየት መጣ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በባቡር መጣ። ያኔ በባቡር ያልመጣ ምን ነበር? ክብሪቱ፣ ጃንጥላው፣ ፋኖሱ፣ የምተዳደርባት የስፌት መኪናዬም ሳትቀር በባቡር ነው የመጣችው። ፕሬዚዳንትም ከነዚሁ ጋር አዳማ ጣቢያ ወረደ። ጣሊያን ገና አልመጣም፤ አዳማም ናዝሬት መባል አልጀመረችም። ጣቢያው ነበር፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች ነበሩ፣ ከዚያ ወዲያ አቧራና ነፋስ ነበር። እኔ በአንድ ዓረብ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ሱሪ እጠባለሁ።

አዳማ ያጣችው ውሃ ነበር። አዋሽ ሩቅ ነው። አህያ ጭኖ ሄዶ፣ ቀድቶ እስኪመለስ ግማሹ በመንገድ ይፈሳል፣ የቀረውን አህያይቱ ራሷ ትመኘዋለች። ባቡሩ ግን ውሃ አይቸግረውም። በጣቢያው ግቢ እግር ያለው ትልቅ የብረት ጋን ቆሞለት፣ በመጣ ቁጥር እየተንደቀደቀ ይጠጣል። እኛ አጥር ይዘን እናየዋለን። አንድ ቀን ትዕግሥታችን አልቆ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስበን ከጣቢያው ሹም ዘንድ ገብተን ጮኽን። ሹሙ ፈረንሳዊ ነው፤ ፈረንጅን ሁሉ ያኔ «ሙሴ» ነበር የምንለው። ሙሴው ጆሮውን ይዞ ሰማንና በአስተርጓሚ መለሰልን፦ ባቡሩ ጠጥቶ የተረፈውን በቧንቧ ይሰጠናል፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አፍ ጋር አይነጋገርም። አንድ ሰው እንምረጥ። እሱ አገር ሕዝብ የመረጠው ሰው ፕሬዚዳንት ይባላል። ቁልፉን ለዚያ ሰው ይሰጣል።

ሁለት ሰዎች ታጩ። አንደኛው ኦቦ ጨመዳ ናቸው፤ የከብት ነጋዴ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢናገሩ የሚደመጡ ሽማግሌ። ሁለተኛው አቶ ተክሌ፣ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ የነበረ ዝምተኛ ሰው፣ የልጄ የክርስትና አባት፣ ማለት አበልጄ። የአቶ ተክሌ ሚስት ደግሞ የኦቦ ጨመዳ የወንድም ልጅ ናት። ስለዚህ ውድድሩ ከአንድ ቤት አልወጣም ማለት ይቻላል።

አመራረጡን ያወጣው ሙሴው ነው። ምርጫ በስውር ነው አለ። በስውር! እኛ እኮ ማንን እንደምንደግፍ በአደባባይ ጮኸን፣ ተሰዳድበን፣ ካስፈለገም በዱላ ተነጋግረን የምንለይ ሰዎች ነን። በሼህ ኑሩ የጨው መጋዘን ውስጥ ጋቢ ተጋረደ፤ ከጋቢው ኋላ እንስራ ተቀመጠ። ለየአባወራው አንድ ፍሬ ሽምብራና አንድ ፍሬ ባቄላ ታደለ። ሽምብራ ለአቶ ተክሌ፣ ባቄላ ለኦቦ ጨመዳ። የመረጥኸውን እንስራው ውስጥ ትጥላለህ፤ የቀረውን ማስረጃ እንዳይሆን እዚያው ቆርጥመህ ትወጣለህ። አንዳንዱ ግራ ቢገባው ሁለቱንም ቆርጥሞ ወጣ።

እንስራው ሲዘረገፍ ሽምብራው በዛ። እልል ተባለ። እኔም ቤቴ ሮጬ ለወይዘሮ ዘነበች፣ ከእንግዲህ ውሃ ዘመዳችን ነው፣ መጋፋት ቀረ፣ ደስ ባለሽ ሰዓት እንስራሽን ይዘሽ ብቅ በይ አልኋት። እሷ ግን እልሉን ትታ ሌላ ነገር አነሣች፦ እንስራ ተሸካሚዋ እሷ፣ መራጩ እኔ የሆንሁበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስሁ።

አሁን ጉዱን ስሙ። አቶ ተክሌ ቁልፉን በአንገቱ አንጠለጠለና ከባቡሩ ብሶ አረፈው። ባቡር ሲመጣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ባቡር ፊሽካ ነፍቶ ሲሄድ ይዘጋል። ፊት የመጣ ፊት ይቀዳል፤ ኋላ የመጣ ኋላ። በቃ! የሰፈሩ ባላባት አሽከር ከአንዲት አህያ ነጂ ኋላ ቆመ። መጋዘናቸውን ለምርጫው የፈቀዱት ሼህ ኑሩ ከአሽከሩ ኋላ ቆሙ። የአበልጁ ሚስት ወይዘሮ ዘነበችማ፣ በኔ ምክር ተኝታ አርፍዳ ስትደርስ፣ ፊሽካው ተነፋና ቧንቧው በፊቷ ተቆለፈ። ባዶ እንስራዋን ይዛ መጥታ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ምነው አበልጄ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለም ወይ ብዬ ብለምነው፣ አህያም ብትሆን ተራዋን ትጠብቅ አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብዬ ብመክረው፣ ውሃ አይበላም አለኝ። እስቲ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ትነጋገራላችሁ?

ሰፈሩ ተቃጠለ። እውነቱን እንነጋገርና፣ ሰው ሁሉ ሽምብራውን ሲጥል ለየራሱ አስቦ ነው። አንዱ ጎረቤቴ ነው፣ አንዱ ጨው በዱቤ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱ አበልጄ ነው ብሎ። ሁሉም ያዳላልኛል ብሎ የሾመው ሰው ለማንም ሳያዳላ ሲቀር፣ ከዚህ የበለጠ ግፍ አለ? ቢያዳላ እኮ ቢያንስ ግማሻችን ደስ ይለን ነበር።

የኔ ቤት ግፍ ደግሞ ይብስ ነበር። ልጃችንን ለሞጆ ሰዎች ልንድር ቀን ቆርጠናል። ሠርጉ ከደጅ ደርሶ ጠላው አልተጠነሰሰም፤ ጌሾውና ብቅሉ ተዘጋጅተው ውሃ ይጠብቃሉ። አማቾቻችን በባቡር ወርደው ባዶ ጋን ቢያዩ ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ «ውሃ ከጠፋበት ቤት የመጣች» ስትባል መኖሯ ነው። ወይዘሮ ዘነበች አልቅሳ ነገረችኝ። ይህ ፕሬዚዳንት መሻር አለበት አልሁ፤ ሰፈሩም ቀድሞኝ ብሎት ነበር።

ከሙሴው ዘንድ ተመልሰን ሻርልን ብንለው ሳቀብን። እሱ አልሾመውም፤ የመረጡት መጥተው ይሻሩት። የመረጡት እነማን ናቸው? ተያየን። አንድም ሰው ጠፋ! ሽምብራውን የጣለ አንድም ሰው አዳማ ላይ ታጣ። ሁሉም ባቄላ ነው የጣለው። እንስራው ውስጥ ሽምብራ የበቀለ ነው የሚመስለው።

ጥፋት ተሠርቶ አጥፊው ሲጠፋ አገራችን ምን ያደርጋል? አውጫጭኝ ይጠራል። አውጫጭኝ ከብት የነዳ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚወጣበት ነው፤ እኛ ሽምብራ የጣለ ሰው ልናወጣ ጠራን። በቀጠሮው ቀን ማልዶ የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ከጣቢያው ጀርባ ካለው ግራር ሥር ተሰበሰበ። ሼህ ኑሩ ሰብሳቢ ሆኑ። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ከክቡ እንዳይወጣ ተማማልን። አቶ ተክሌም ቁልፉን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ መጥቶ ከመሀላችን ተቀመጠ።

ደንቡን የማታውቁ ካላችሁ፣ አውጫጭኝ ላይ ሰው ሰውን ፊት ለፊት አይከስም። ወደ ሰብሳቢው ጠጋ ብሎ፣ ወፍ እንዲህ ብላ ነገረችኝ ይላል። ወፊቱ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ያን ቀን አዳማ ላይ የነበረውን ወፍ አልነግራችሁም። የኔ ወፍ ጎረቤቴን ነገረችኝ፤ የጎረቤቴ ወፍ እኔን ነገረችው። ንጹሕ ሆነው የተገኙት አንድ ድዳም ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ጥርስ የሌለው ሰው ባቄላ መቆርጠም አይችልም፣ ስለዚህ ባቄላውን እንስራው ውስጥ ጥለውታል ተብሎ ተፈረደላቸው። ሰው ሁሉ ድዳቸውን እያየ ቀና።

ፀሐይ ከአናታችን ላይ ወጣች። የግራር ጥላ ምኑ ጥላ ነው? ምላሳችን ከላንቃችን ተጣበቀ። ይህን ጊዜ ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ፤ አቶ ተክሌም ቧንቧ ሊከፍት ብድግ አለ። «ቁጭ በል!» አልነው። ነገሩ ሳይወጣ ማንም አይወጣም፣ ምለናል። እሱም ታዛዥ ነውና ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ምን እንዳደረግን የገባን። ባቡሩ እዚያ ማዶ እየተንደቀደቀ ይጠጣል፣ ቁልፉ እዚሁ ከመሀላችን በአቶ ተክሌ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፣ እኛ በገዛ መሐላችን ታስረን ምራቃችንን እንውጣለን።

ሼህ ኑሩ ከንፈራቸው ደርቆ ተነሡ። «ወላሂ፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው» አሉ። «ሰውዬው የመረጡት ሰዎች ፕሬዚዳንት ነው። ውሃውም የመረጡት ሰዎች ውሃ ነው። የመረጠው ተነሥቶ ከሱ ጋር ይሂድ፤ ያልመረጠው እዚሁ ቁጭ ብሎ ወፉን ያዳምጥ።»

ያን ጊዜ የተነሣውን አቧራ ብታዩ! «እኔ ነኝ የመረጥሁት!» የማይል ጉሮሮ አልነበረም። ድዳሙ ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ ባቄላውን በድዳቸው አልመው እንደዋጡት መሰከሩ። ተወዳዳሪው ኦቦ ጨመዳም ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ቢሻን፣ ውሃማ፣ ወገን የለውም፤ እኔም ሽምብራ ነው የጣልሁት» ብለው ከፊት ቀደሙ። አስተርጓሚው በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ፣ እንግዲህ መራጮቹ ከተገኙ መሻር ትችላላችሁ አለን። የምን መሻር ነው! እየሮጥን ሰደብነው።

ቧንቧው ዘንድ ስንደርስ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ሴቶቹ በመሐላ አልታሰሩም፤ ከማለዳ ጀምረው እንስራ ደርድረዋል። ከሁሉ ፊት የቆመችው ማን ናት? ወይዘሮ ዘነበች! የጎረቤቱንም፣ የዘመዱንም እንስራ ሰብስባ ሌሊቱ ሲነጋ ደርሳለች። አበልጄ ቁልፉን ከፍቶ፣ ፊት የመጣች ፊት ትቅዳ አለ። ሁሉንም ሞላች። እኛ መራጮቹ ከጭራው ተሰልፈን የሷን እንስራ መንቆርቆር ስናዳምጥ ቆየን። እንደዚያ ቀን በሚስቴ የኮራሁበት ጊዜ የለም። አዎ፣ እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኋት።

ጠላው ተጠመቀ፣ ሠርጉም ደረሰ። የሞጆ አማቾቻችን በባቡር ወርደው ከዳሱ ገቡ። እነሱ የባቡሩን ያህል ይጠጣሉ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ጋኑ ሲከፈት የመጀመሪያውን ዋንጫ ቀድቼ ለአቶ ተክሌ ይዤ ሄድሁ። ውሃው በሱ እጅ የመጣ አይደል? እሱ ግን አልቀበልም አለ። ከሱ በፊት የገቡ እንግዶች አሉ፤ ተራውን ይጠብቃል። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ ወይ ፍንክች! ዋንጫው ዳሱን ዞሮ ዞሮ እሱ ዘንድ ሲደርስ ጋኑ ውስጥ የቀረው አተላ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች በኀፍረት ልትሞት ደርሳ፣ ያንኑ የጣቢያውን ውሃ በዋንጫ ሞልታ አቀረበችለት። አመስግኖ ጠጣ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ጠየቅሁት።

«አበልጄ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ በዚህ ሹመት አይጸጸቱም?»

«በሹመቱስ አልጸጸትም» አለኝ። ከዳሱ ማዶ ኦቦ ጨመዳ ከአማቾቻችን ጋር ሞቅ ብሏቸው ሲስቁ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚቆጨኝ ባቄላዬ መሸነፏ ነው።»

«ባቄላ? እርስዎ ባቄላ ጣሉ?»

«የሚስቴ አጎት አይደሉ?» አለኝ። «እሳቸው ቢመረጡ ኖሮ እኮ፣ የኛን እንስራ ያስቀድሙልን ነበር።»

አለና ዋንጫውን ከሱ ቀጥሎ ለተቀመጠው ሰው አሳለፈ።