የአንጁሎ ይግባኝ

ክረምት ሲገባ ላፍቶ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው፤ ቦቲ ጫማ ያለውና ቤቱ የሚቀመጥ። እኔ ቦቲ የለኝም፣ ቤቴም አልቀመጥም። ለማንኛውም ጠጋ በሉና ይህችን ስሙኝ። ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም። እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው አንድ የሕግ ቃልና አንዲት ላም ያገኛል። ላሟ የሰው ናት፣ አልሰጣችሁም። ቃሏን ግን በነጻ ውሰዷት።

መቼም ማስረዳት እወዳለሁ። የሰፈር ልጆች «ፋኩልቲ» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ፋኩልቲ ገብቼ እንዳይመስላችሁ። ማትሪክ ሳይሳካልኝ ሲቀር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዛሁና ብቻዬን ተያያዝኩት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉትም። ስለዚህ ሕጉ ስለ መወለድ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ከጋብቻ ወዲህ ያለውን ግን ጠይቁኝ።

እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። መንገድ ዳር ጋሽ ፈለቀ የሚባሉ ጠበቃ አንዲት ክፍል ቢሮ አላቸው። እኔ በራቸው ላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ዝናቡ ከክፈፉ እየወረደ ግማሽ ጀርባዬን ይመታኛል። ግማሽ ደረቅ ሕግ አዋቂ ነኝ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለጋሽ ፈለቀ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከአናሳ ብሔረሰቦች የመጡ የሕግ ተማሪዎችን በክረምት ወራት ለተግባር ልምምድ ተቀበሉ የሚል ነው። ነገሩን ላስረዳችሁ። የከተማ ልጅ የሕግ ተማሪ ከሆነ ክረምቱን አጎቱ ቢሮ ይውላል። አጎት ባይኖረው የአጎት ጓደኛ አይጠፋም። አዲስ አበባ «ምን ታውቃለህ?» ከማለቷ በፊት «ሰው አለህ?» ነው የምትለው። ከሩቅ የመጣው ግን ማን አለው? ዶርም ተኝቶ የዝናቡን ድምፅ ሲሰማ ይከርማል። ጋሽ ፈለቀ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ ለሁለት ወር አጎት ብሆን ምን እጎዳለሁ አሉ። ልጆች የሏቸውም። ይህን ያልኩት በመንገዴ ነው።

የተማሪውን ስም ያነበቡት ያለ መነጽር ነበር። አንጄሎ አሉ። የጣሊያን ክልስ ሳይሆን አይቀርም አሉኝ። እኔም ከጎረቤት ቡና ቤት ትራስ ያለው ወንበር ተዋስኩ፤ «ቦንጆርኖ» የምትለዋንም ለብቻዬ ተለማመድኩ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት አንድ ቀጭን ልጅ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። ዘወር በል፣ አንጄሎ የሚባል ሰው እየጠበቅን ነው አልኩት። እሺ አለና አጠገቤ ቆመ። እሱም ከእኔ ጋር አንጄሎን ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ ነው፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «የእኔ ስም አንጁሎ ነው» ያለኝ።

አንጁሎ ከጋሞ ተራራ ነው የመጣው፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ጋሞ መሆኑ ሲታወቅ ባለጉዳዩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ጋቢ ትሠራለህ ወይ? ሸማ የሚሠሩት ጎበዞች የእሱ አገር ሰዎች ናቸዋ። እሱ ግን ክር ከመርፌ እንኳን አያገናኝም፤ አባቱ ገበሬ ናቸው። ቢሆንም ማንንም አያስቀይምም፣ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። «አናሳ» የምትለዋ ቃል ብቻ ትገርመው ነበር። አንድ ቀን ደብዳቤውን አይቶ፣ «የእኛ ሰፈር ገበያ ቀን መቆሚያ የለም። ማን ቆጥሮ ነው ያሳነሰን?» አለኝ።

ዝምታው ግን አሳሰበኝ። ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት። ፋኩልቲው ውስጥ ሕግ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ችሎቱ ደግሞ በአማርኛ። አንጁሎ በእንግሊዝኛ ጠበቃ፣ በጋሞኛ ተጫዋች፣ በአማርኛ ግን እንግዳ ነው። በመጣ በሁለተኛው ቀን «ጋሽ ፈለቀ መጣች» ቢል ባለጉዳዮቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ። መስከረም ሲጠባ ሕጉን ትቼ ሌላ ትምህርት እገባለሁ፣ ዝም ተብሎ የሚሠራ ነገር፣ አለኝ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ በሩን የምመኝ፣ እሱ ገብቶ ሊወጣ።

ስለዚህ አስተማሪው ሆንኩ። ማትሪክ የወደቀ ሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲያስተምር አይታችሁ አታውቁም? እዩኝ። ዝናቡ ሲያባራ አጠገቤ አስቀምጬው ግስ አስረባው ነበር። ገባኝ ካልክ ተረድተሃል። ይገባኛል ካልክ እየተረዳህ ነው፣ ወይም ንብረቴ ነው ማለትህ ነው። ትልቅ ሰው ፊት ስትለምን ደግሞ እንደ «ይቅርብኝ»፣ እንደ «ይማረኝ» አለስልሰህ በለው አልኩት። ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም። ባየው ኖሮ ይህ ወግ ባልኖረ።

አሁን ወደ ላሟ ልምጣ።

እማማ ጩልቱ የላፍቶ ነባር ናቸው። አባታቸው ጤፍ የዘሩበት ላይ ዛሬ ግማሹ ሰፈር ቆሟል። ከዚያ ሁሉ የቀረቻቸው አንዲት ጓሮና ቡሬ የምትባል ላም ናት። ቡሬ ጠዋት ወደ ወንዙ ወርዳ ትግጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ እማማ ወተቷን ለሰፈር ይሸጣሉ። ታዲያ አቶ ግርማ የሚባል አዲስ ጎረቤት መጣና ቦታውን ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠረ። የቡሬ መንገድ በመሃሉ ነበር የሚያልፈው። ላሟ ጓሮ ውስጥ ተዘጋባት። ድርቆሽ በክረምት ከየት ይመጣል? መንገዱ ካልተከፈተ ቡሬ ለነጋዴ ትሸጣለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ጉዳዩ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፣ ደሞዝ የላቸውም፣ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ጋሽ ተሰማ ይባላሉ፤ ጡረታ ሳይወጡ መጋዘን ኃላፊ ስለነበሩ ሰውን ሁሉ እንደ ዕቃ በተራ ነው የሚያስገቡት። በውሳኔው ቀን ጋሽ ፈለቀ አንጁሎን ሄደህ ታዘብ፣ ጻፍ፣ አፍህን ግን እንዳትከፍት ብለው ላኩት። የችሎት ቃል ቢከብደው እንዳስረዳው እኔንም አብረው ላኩኝ። ማስረዳት ብለው ልከውኝ እምቢ እላለሁ?

አዳራሹ ውስጥ እማማ ጩልቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ተሰማ ውሳኔውን በአንድ ትንፋሽ አነበቡት። ተከሳሽ ያጠሩት በራሳቸው ይዞታ ላይ መሆኑ ስለተረጋገጠ የከሳሽ አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። መዝገብ ቤት የተባለው ከወንበራቸው ሥር ያለች ካርቶን ናት። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም የያዘችው ጸሐፊ ለቅሶ ሄዳለች።

እማማ ወደ እኛ ዞሩ። ኦሮምኛ ነው አፋቸውን የፈቱበት። «ማል ጄዳን?» አሉ፤ ምን አሉ ማለታቸው ነው። የነገር ሁሉ አስረጂ ፋኩልቲ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ቃል ጠፋኝ። ቡሬ ትሸጥ ተባለ ብዬ ለሴትዮዋ እንዴት ልንገራቸው?

ከጎኔ ወንበር ተንቋቋ። አንጁሎ ቆሟል። ደብተሩ መሬት ወድቋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ይግባኝ።»

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነህ አንተ? በማን ጉዳይ ነው ይግባኝ የምትለው?»

«እኔም ይግባኝ፣ እማማም ይግባቸው» አለ አንጁሎ። ከዚያ ማንንም መርሳት ነውር መስሎት ይሆናል፣ ወደ ዳኞቹ ጎንበስ ብሎ፣ «እናንተም ይግባችሁ» አለ።

አቶ ግርማ እንኳ ለልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እኔ ሱሪውን ከኋላ እየጎተትኩ ነው። የሕግ ተማሪ ሆኖ ይግባኝ ማለት በላይኛው ፍርድ ቤት መከራከር መሆኑን አያውቅም። «አፒል» ብትሉት መጽሐፍ ያወራላችኋል። በአማርኛ ግን እኔ ያስረባሁትን ግስ ይዞ፣ እባካችሁ ልረዳው ማለቱ ነበር። ሰዋስው ላይ እኮ ስህተት የለውም።

ጋሽ ተሰማ ሊያስወጡት እጃቸውን አነሱ። እሱ ግን አንድ ጊዜ አፉ ተከፍቷል።

«ላሙ በየት ይወጣል?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ተሰማም የሰው ስህተት ማረም ይወዳሉና፣ ቁጣቸውን ትተው እንደ አስተማሪ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«እንደሱ አይባልም፣ ልጄ። ላሟ በየት ትወጣለች ነው የሚባለው።»

ማንም አልሳቀም። ጥያቄው አሁን ከዳኛው አፍ ነው የወጣው፣ ሰው ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። ጋሽ ተሰማም እንደጠየቁ ገባቸው። በቀኛቸው ያለው ዳኛ በወፍጮ ቤቱ በኩል ትወጣለች ብሎ ወደ ቀኝ ጠቆመ። የግራው በመስኩ በኩል እንጂ ብሎ ወደ ግራ ጠቆመ። ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ደግሞ ፊት ለፊት ወደ በሩ ጠቆሙ። ላም አንድ ናት፣ መንገድ ሦስት ሆነ። ለካ ቦታውን ያየ የለም። ጭቃ ነዋ።

«ማኅተም አላረፈበትም አይደል?» አሉ ጋሽ ተሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እንሂድ ተባለ። ይግባኝ እኔ እስካነበብኩት ድረስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የእኛ ግን ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ወረደ። ከፊት ጋሽ ተሰማ፣ ከኋላ ዳኞች፣ ከዚያ እማማ ጩልቱና አቶ ግርማ፣ ከዚያ የሰፈር ሥራ ፈት ሁሉ። በመንገድ ላይ ምን ነካህ አልኩት አንጁሎን። እኛ አገር ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ሲሰበሰቡ፣ አንድ ሰው አልገባኝም ካለ ማንም ከአደባባዩ አይነሳም አለኝ። «ተነስተው ሊሄዱ ሲሉ አየሁ። እማማ ግን አልገባቸውም።»

የጋሽ ተሰማ ግራ እግር ጫማ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ጭቃው ውስጥ ቀረ። ወደ ቀኝ ያለው መንገድ ላይ ጎርፍ ይሄዳል። በመስኩ በኩል ያለው ገደል ነው። ላም ቀርቶ ዳኛም አያሳልፍም። ዞረን ዞረን አቶ ግርማ ግቢ ገባን፤ እሱም ወደ እማማ ጓሮ የሚወስደውን አንድ ቆርቆሮ ገለል አድርጎ አሳየን።

ቡሬ ከጀርባው ቆማ ነበር። ክፍቱን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ በዳኞቹ መካከል ረጋ ብላ አለፈችና በገባንበት በር ወደ ወንዙ ወረደች። ውሳኔ ሳትጠብቅ ራሷ አስፈጸመችው። ሕጉ ይህን አፈጻጸም ይለዋል፤ የእኔ መጽሐፍ ላይ ግን በላም እጅ ይፈጸማል የሚል አላየሁም።

እማማ ጩልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቡሬ ከዓይን እስክትጠፋ ያዩዋት ነበር።

አቶ ግርማ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሌባ ፈርቶ ነው ያጠረው። ጋሽ ተሰማ፣ ለመሆኑ ለልጅህ ወተት ከማን ነው የምትገዛው ቢሉት ወደ ቡሬ ኮቴ አየና ጭንቅላቱን አከከ። እዚያው ቆመው፣ ባንድ እግር ጫማ፣ ውሳኔው ተቀየረ፤ ቆርቆሮው ላይ በር ይውጣ፣ ጠዋትና ማታ ይከፈት።

ቢሮ ስንመለስ ጋሽ ፈለቀ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። አፍህን ዝጋ አላልኩህም ወይ ብለው ጀመሩ። ከዚያ ይግባኝ ማለት በችሎት ምን እንደሆነ አስረዱት። አንጁሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጥፋቴ ነው፣ መስከረም እሄዳለሁ አለ። ጋሽ ፈለቀ ወንበር ሳቡለት።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይግባኝ ስል ኖሬያለሁ» አሉ። «እንዲገባኝ ብዬ ግን አንድም ቀን አላልኩም። የትም አትሄድም። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። መስከረምም ጠባ፣ ፋኩልቲውን አልቀየረም። ሊመለስ ሲል እማማ ጩልቱ በጠርሙስ ወተት ይዘውለት መጡ፤ ጋሽ ተሰማም ሊሰናበቱት ብቅ አሉ። እጁን ጨብጠው፣ መርቀው፣ መርቀው፣ ጆሮው ሥር ጠጋ አሉና፣ ለመሆኑ አንድ ጋቢ ብታሠራልኝ አሉት።

«ጋሼ» አለ አንጁሎ፣ አሁን በትክክለኛው ቦታ፣ «በዚህኛው ላይ ይግባኝ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ላም ግን ያሸጣል። ስለዚህ ነገ ማኅተም ሊያርፍበት የተዘጋጀ ወረቀት በአንድ ትንፋሽ ሲነበብላችሁ ከወንበራችሁ ተነሡና ቃሏን ሞክሯት። ደብተራችሁ ቢወድቅ ግድ የለም። በትክክል አላውቃትም ብላችሁም አትፍሩ። ያን ቀን እሱም አያውቃትም ነበር።