ሊቀ ሶል ስጦታው ለሽምግልና ሞጣ ሲሄዱ

በየከተማው አንድ አስተካካይ አይጠፋም። የሰው ኮሌታ ሳያቃና ሰላም ማለት የማይሆንለት፣ ደህና የቆመ አጥር ሲያይ እጁን የሚያሳክከው ሰው። ቢቸና ግን ዕድሏ ሆኖ ከእግር ሥር የሚጀምር አስተካካይ ደረሳት፤ እርሳቸውም ጡረተኛው የስፖርት መምህር፣ ክቡር ሊቀ ሶል ስጦታው ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ የእህል ነጋዴው አምባቸው ነው። ፊት ለፊት ግን ጋሽ ስጦታው ይላቸዋል።

ነገሩ የጀመረው ልጃቸው አምሳለች ከአዲስ አበባ የጫማ ውስጥ ሶል የላከችላቸው ዕለት ነው። ይህ ሶል እንደ ሌላው ዝም ብሎ አይረገጥም። ከሥሩ የሚለጠፉና የሚነሡ ቁርጥራጮች አሉት፤ ለሩጫ ወፍራሙና ለስላሳው ተረከዝ ሥር ይገባል፣ ለብስክሌት ደግሞ እሱ ይወጣና ስሱና ጠንካራው መሀል እግርን ይደግፋል። ጋሽ ስጦታው ጠዋት ይሮጣሉ፣ ከሰዓት ብስክሌት ይነዳሉ፤ በመሀል ባለው ጊዜ ሁሉ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ። የጎረቤት ቀብር ላይ እንኳ ከአስከሬኑ ኋላ ከሚሄደው ሰው ተነጥለው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተረከዛቸውን ሲቀይሩ ታይተዋል።

«የሩጫው ለለቅሶ አይሆንም፤ ያስቸኩላል» አሉ።

በራሳቸው እግር ቢያበቁ ደግ ነበር። ላገኙት ሁሉ «ችግሩ እግርህ አይደለም፣ ከእግርህ ሥር ነው» ይላሉ። ጥርሴን አመመኝ ያለ ሰው ተረከዙን አሳይቷል። የባጃጅ ሾፌሩ ምንይሉ፣ ፍሬን የሚረግጥበት እግሩ አንድ ሚሊሜትር ያጋድላል ተብሎ ተሳፋሪ እንደጫነ ተመርምሯል። ከብት ገበያ ውስጥ የአንድ በሬ ሰኮና አንስተው ሲያዩ ባለቤቱ ገዢ የመጣ መስሎት በሬውን ማወደስ ጀምሮ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ሶል ቢኖረው ጥሩ አራሽ ይወጣው ነበር» ብለው አለፉ።

አምባቸውንም አልማሩትም። ካርቶን ቆርጠው ጫማውን አስተካከሉለትና ሳምንቱን ሙሉ ሜዳው ላይ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ሲራመድ ሰነበተ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ አንዳንዴ ልክ መሆናቸው ነው። ዳቦ ሻጯ ስርጉት ጉልበቴን እያለች ስታማርር ኖራ፣ እርሳቸው አንዲት ቁራጭ ቆዳ ጫማዋ ውስጥ ካስገቡላት ወዲህ ስለ ጉልበቷ ማውራት ትታለች። አሁን የምታማርረው ስለ ባሏ ብቻ ነው።

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው ሽማግሌ የሆኑት።

አምባቸው የሟች ወንድሙን ልጅ ይታገስን ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ አሳድጎታል። ልጁ ሞጣ የምትሠራ ንጋት የምትባል ነርስ ወደደ። የንጋት አባት አቶ ገብረ ማርያም ደግሞ ሽማግሌ በማመላለስ የታወቁ ናቸው፤ ለታላቂቱ ልጃቸው የመጡትን አራት ጊዜ መልሰዋል። ይታገስ የአጎቱን ጉልበት ስሞ «አባዬ፣ እሷን ካጣሁ እኔ የለሁም፤ አደራ» አለው። አምባቸው ቄስ ሀብተ ሥላሴን ያዘ። ሦስተኛ ሰው ሲፈለግ ልጁ «ጋሽ ስጦታው ይሁኑልኝ፤ አስተምረውኛል» ሲል አምባቸው አማተበ።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ስጦታው ሚኒባስ አልሳፈርም ብለው ገና ሳይነጋ በብስክሌት ወጡ። ሁለቱ ሽማግሎች ረፋዱ ላይ ሲደርሱባቸው መንገድ ዳር አንድ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆኑ ጋሽ ስጦታው?»

«ምንም። ዳገቱን ብስክሌቷን እየገፋሁ ልሮጥ ነው፤ ወደ ሩጫው እየቀየርሁ ነበር።»

«ኧረ ሰዎቹ እየጠበቁን ነው! ይግቡ!»

ግራው ተቀይሯል፣ ቀኙ አልተቀየረም። ብስክሌቷ ሚኒባሱ ጣራ ላይ ወጣች፤ ባለቤቷም በአምባቸው እጅ እየተጎተቱ ገቡ።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ሦስቱም በአቶ ገብረ ማርያም ሳሎን ውስጥ በተርታ ቆሙ። አምባቸው ልብ ያለው ያኔ ነው፤ ጋሽ ስጦታው እንደ ዘመመ ምሰሶ ወደ ቀኝ አጋድለዋል። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ነገሩን በወጉ አቀረቡ። አቶ ገብረ ማርያምም ጉሮሯቸውን ጠርገው «መልካም፤ እንግዲህ ዘመድ ይምከርበትና ከፋሲካ በኋላ…» ሲሉ ዓይናቸው ጋሽ ስጦታው ላይ ዐረፈ።

«እርስዎ፣ እግርዎን ያመዎታል እንዴ? ይቀመጡ እንጂ!»

«ሳይፈቀድልን? አልቀመጥም።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጓዳ ብቅ ብለው ባላቸውን ገላመጡ። «እኒህን ሰው ከቢቸና ድረስ በዚህ እግራቸው ልታመላልሳቸው ነው? እግዜርን አትፈራም?»

አቶ ገብረ ማርያም ወለሉን አዩ፤ የጋሽ ስጦታውን እግር አዩ። ከበዳቸው። «እንግዲያስ… ሰጥተናል» አሉ።

ለአምባቸው የይታገስ ፊት ታየው፤ እንባው መጣ። ጓዳ ውስጥ እልልታው ሊጀመር ሲል ጋሽ ስጦታው እጃቸውን አነሡ።

«አንዴ፣ ይቅርታ። እኔ አንካሳ አይደለሁም።»

አምባቸው ክንዳቸውን ቆነጠጠ። አልሰሙም። ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ጫማ አወለቁና ሶሎቹን አውጥተው ጎን ለጎን ያዙ። «ይኸኛው የሩጫ ነው፣ ይኸኛው የብስክሌት። መንገድ ላይ ቸኩለን አንዱ ሳይቀየር ቀረ። በእግሬ አዝነው ልጅዎን ሰጥተው እንደሆነ ቃልዎን መልሰው ይውሰዱ፤ እኛ ደግመን እንመጣለን።»

አምባቸው በልቡ ሰውዬውን ረገማቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ያሳደገው ልጅ ደስታ በጫማ ሶል ሊበላሽ!

አቶ ገብረ ማርያም ሶሎቹን ተቀብለው አገላበጡ። «ባይነግሩን ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ ሠርጉ እስኪያልፍ ዝም አይሉም ነበር?»

«እስከዚያ እያነከስሁ?»

አቶ ገብረ ማርያም ሳቁ፤ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው እንዲህ አሉ፤ «ሽማግሌ የምመልሰው ወድጄ አይደለም። ሁሉም የልጁን መልካም መልካሙን ብቻ ነው የሚነግረኝ፤ ያልተነገረኝ እስኪወጣ ነው የማመላልሰው። እናንተ በራሳችሁ ላይ የምትመሰክሩ ከሆናችሁ ምን ቀረኝ? አሁን ከልቤ ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

እልልታው ቤቱን ሞላው። ሁሉም ሲቀመጥ አምባቸው ግን አልተቀመጠም። በይታገስ አማቶች ፊት፣ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ሶሎቹን ወደየጫማቸው መልሶ፣ ጫማዎቹን በጋሽ ስጦታው እግር አጥልቆ ክሩን ማሰር ጀመረ። ከኋላቸው ሲያማቸው የኖረውን ሰው ምን ያህል እንደሚወዳቸው ለራሱም የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ተው፣ ምን ነካህ?» አሉት ጋሽ ስጦታው።

«እኔ ብሆን ዝም እል ነበር» አላቸው ቀና ሳይል።

ጋሽ ስጦታው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አሉ። «ለልጅህ ብለህ ነው» አሉት።