የዲንቄ ሰንሰለት ሌላኛው ጫፍ

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.፣ አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ በአቶ ኑሬ ሱቅ በረንዳ። ነፋስና አቧራ ስለነበረ ወረቀቱ በድንጋይ ተይዞ ተጻፈ።

የተገኙ፦ ዳኛው ባላምባራስ አብተው፣ ሰብሳቢ፤ ነጋዴው አቶ ኑሬ፣ አባልም ከሳሽም፤ ኦቦ ጉተማ፣ የአገር ሽማግሌ፤ ዘርፉ፣ ጸሐፊ። ያልተገኙ፦ አቶ ሐዲስ፣ ቢሾፍቱ ለቅሶ ሄደው። ከአምስት አራት ስለተገኘ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ። ተከሳሿ ዲንቄ፣ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት፣ ከዘበኛ ጋር ደጃፍ ቆማለች።

፩ኛ። ዲንቄ ከአቶ ኑሬ ሱቅ ስድስት ክንድ አቡጀዲ መስረቋን ስላመነች ስድስት ወር እንድትታሰር ተወሰነ። ጨርቁ ለእናቷ መገነዣ መሆኑ ከተያዘው ጉዳይ ውጭ ስለሆነ ታለፈ።

፪ኛ። ኦቦ ጉተማ፣ ወህኒ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ውስጡም አሥራ አንድ ጎልማሶች አሉ፣ ልጅ እዚያ አትገባም አሉ። ከረጅም ክርክር በኋላ፣ ልጆች በእስራት ፈንታ እንደ ጥንቱ ልማድ ከከሳሻቸው ጋር በአንድ ሰንሰለት እንዲቆራኙ ተወሰነ። ሰብሳቢው ይህ አዲስ ሥልጣኔ መሆኑ ይጻፍ አሉ፤ ተጻፈ።

፫ኛ። አቶ ኑሬ ከሳሹ እርሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ተነሡ። "ስድስት ወር ሙሉ ከልጅ ጋር ታስሬ ለደንበኛ ጨርቅ ልለካ?" አሉ። ዲንቄ ከደጃፍ፣ "እኔ እለካልዎታለሁ፤ የኔ ክንድ ከእርስዎ ይረዝማል" አለች። ኦቦ ጉተማ ሳቁ። ሳቁ እንዳይጻፍ ታዘዘ።

፬ኛ። አባላቱ የሰንሰለቱን ሌላኛ ጫፍ በተራ እንዲይዙ ቢጠየቅ፣ ባላምባራስ በቅሎ ላይ አይመችም፣ ኦቦ ጉተማ እርሻ አለብኝ አሉ። ስለዚህ ጫፉ ከሰብሳቢው ወንበር ጋር እንዲታሰር ተወሰነ። ወንበሩ አልተቃወመም። ሲሞከር ዲንቄ ወንበሩን ተሸክማ ሐዲዱ ድረስ ሄደች፤ ዘበኛው መለሳት። ሰብሳቢው የቀረውን ጉባኤ ቆመው መሩ።

፭ኛ። ባላምባራስ ተቆጥተው፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል አሉ። ጸሐፊዋ "ሁሉም፣ ጌታዬ?" ብላ ጠየቀች። "ሁሉም ማለት ሁሉም ነው! አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ!" አሉ። ከአንደኛው እስከ አራተኛው መሻሩ ተጻፈ። ይነበብ ወይ ቢባል ምሳ ደርሷል ተባለ። ባላምባራስ ማኅተማቸውን አደረጉ፤ ጉባኤው በሰባት ሰዓት ተበተነ። ዘበኛው ዲንቄን ከነወንበሩ ወስዶ ሚስቱ ዘንድ አሳደራት።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ዘበኛው ቤት ሄድኩ። አንደኛውንና አምስተኛውን ለዘበኛው አነበብኩለት። ማኅተሙን አገላብጦ አየና ሰንሰለቱን ፈታ። ወንበሩን ለባላምባራስ ላኩላቸው፤ ዲንቄን ወደ ቤቴ ወሰድኳት።