ጤነኛ እግሬን አስሬ በቃሬዛ የሄድኩበት ቅዳሜ

ጉድ ሰምቻለሁ የምትሉ ሁሉ፣ ቁጭ በሉና የኔን ስሙ። እኔም ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ መቆም ስላልቻልኩ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገ ለፍቅረኛዬ ለትግስት አባት፣ ለጋሽ ይመር፣ ሽማግሌ እልካለሁ። ትግስት አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች፦ "አባዬ ስለ ደሞዝህ አይጠይቅም። 'ልጁ ጤነኛ ነው?' ነው የሚለው።"

ጤነኛ? እኔ? የጂም ልጅ!

ብቻ ትናንት ስኳት ላይ፣ ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለቱን፣ አበዛሁት። ጂማችን የጓደኛዬ ግቢ ነው፣ ክብደቱም ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ሽንት ቤት የሄድኩት ግድግዳ ይዤ ነው። (ምን ላድርግ፣ እውነት ነው!) መካነ ሰላም ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። ጋሽ ይመር እንዲህ ስንፏቀቅ ቢያዩኝ አለቀልኝ!

ቲክቶክ ገባሁ። አንዱ ፈርጣማ ሰውዬ፣ ጭንን በሰፊ ቀበቶ አስሮ፣ የደም ዝውውሩን ለትንሽ ጊዜ ቀነስ አድርጎ መልቀቅ ለሪከቨሪ፣ ማለትም የዛለ ጡንቻ ቶሎ እንዲያገግም፣ አሪፍ ነው ይላል።

ቪዲዮው ሳያልቅ ፓኬጄ አለቀ።

ቀበቶው የለኝም። የጎማ ከመነዳሪ ግን አለ! ሞተረኞች ዕቃ የሚያስሩበት ቁራጭ። ሁለቱንም ጭኖቼን ጥርቅም አድርጌ አስሬ፣ በቁምጣ ሆኜ ግቢው ውስጥ ካለው የእንጨት ክምር አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መጥቆር ጀመረ። "እየሠራ ነው" ብዬ ደስ አለኝ።

አከራዬ እትዬ በለጡ ከገበያ ሲመለሱ አዩኝ።

እዚህ አገር እግሩን አስሮ እንጨት ክምር ሥር የሚያቃስት ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥያቄ አያስፈልግም።

"ያረቢ! ድረሱልኝ! ልጁን እባብ ነደፈው!"

"ኧረ እትዬ፣ ሪከቨሪ ነው!"

"በሞትኩት፣ መቀባዠር ጀመረ!"

ልፈታው እጄን ስሰድ ጎረቤቱ ሁሉ ተረባርቦ ያዘኝ። "እንዳትፈታው! መርዙ ልብህ ይገባል!" እንዲያውም አንዱ አጠበቀልኝ!

ቃሬዛ መጣ። ዘልዬ እንዳልሮጥ እግሬ ደንዝዟል። በገበያው መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቁምጣ ተንጋልዬ አለፍኩ።

ከፊት የተሸከመኝ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ዞር አለና "አብሽር ልጄ" አለኝ።

ጋሽ ይመር!

ሰው ተነደፈ ሲባል የሚሸጡትን ጤፍ ጥለው ነው የመጡት። እውነት ለመናገር አንጀቴን በሉት። ያን ጊዜ ምነው እባብ በነደፈኝ ብያለሁ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ጎማውን ፈትታ እግሬን አገላብጣ አየች።

"ንክሻው የታለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ማን አሰረህ?"

"እኔ።"

ነርሷ "ይሄ በባለሙያ፣ በልኩ ነው የሚደረገው፤ እግርህን ልታጣ ነበር!" ብላ ጮኸችብኝ። ቪዲዮውም መጨረሻው ላይ ይሄንኑ ሳይል አይቀርም።

ጋሽ ይመር ላባቸውን ጠርገው ጠጋ አሉኝ።

"ስለዚህ ጤነኛ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጤነኛ ሆነህ ነው ያሸከምከኝ?"

ትከሻቸውን እያሹ ወጡ።

አሁን ትግስት ቴክስት ላከችልኝ፦ "አባዬ ትከሻው አብጦ ተኝቷል። ነገ ሽማግሌዎቹ ይቅሩ፣ ያንን ጎማ ይዞ ራሱ ይምጣ ብሏል።"

ለምን እንደፈለጉት አልነገረችኝም። ለሪከቨሪ ነው? ወይስ ሊገርፉኝ?

መሄዴ አይቀርም፣ ልጅቷን እወዳታለሁ። ብቻ በጎማ መገረፍ ለጡንቻ ጥሩ ነው የሚል ቪዲዮ ያየ አለ? የአሁኑንስ እስከ መጨረሻው አያለሁ!