የእትዬ ወርቂቱ አንድ አክሲዮን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ መናኸሪያው ስወርድ እትዬ ወርቂቱን ከሩቅ አየኋት። ቁመቷን የሚያህል እንሰት በትከሻዋ ተሸክማ ሽቅብ ትመጣለች፤ የሥሩ ጭቃ በነጠላዋ ላይ ይወርዳል። እኔም እንደ ልማዴ አንድ የቆመ የጭነት መኪና ፈልጌ ከኋላው ተሰወርኩ።

"መምህር፣ እግርህ ይታያል" አለችኝ ሳትቆም።

ጠልቻት አይደለም የተደበቅኩት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የሚያውቅ ይፈርድልኛል፤ የማያውቅ ደግሞ የለም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ እድር በሉት፣ የወላጆች ጉባኤ በሉት፣ የሰበካ ስብሰባ በሉት፣ አንድ እንደሷ ያለ አይጠፋም። ሰብሳቢው "እንግዲህ ሌላ ከሌለ…" ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ግማሹ ሰው ኮቱን ደርቦ፣ ግማሹ ባርኔጣውን ከመቀመጫው ሥር ሲፈልግ፣ ከኋላ በኩል አንዲት ጣት ብድግ ትላለች። "አንዲት ጥያቄ አለችኝ።" አንዲት ትበል እንጂ ያቺ ጥያቄ እርጉዝ ናት። እዚያው ትወልዳለች፤ ልጆቿ አድገው ዳዴ እስኪሉ ድረስ የሁላችንም ራት ይቀዘቅዛል።

የኛዋ ክብርት እትዬ ወርቂቱ ናት፤ የወናጎ ገበሬ ልጅ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት፣ የእሸት እግር ኳስ ቡድን የአንድ አክሲዮን ባለቤት። ከመቶው አንድ። እኔም እንደሷው አንድ አለኝ፤ ግን እኔ የኔን ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። እሷ አፏ ላይ ነው ያስቀመጠችው። ሻይ ቤቷ የገባ መንገደኛ ስኳር ሳይጨምር ባለአክሲዮን መሆኗን ይሰማል። ጨዋታ ሲኖር ደግሞ መስመር ዳር ትቆማለች፤ የክንፍ ተጫዋቹ ኳሷን ወደ ገደል ሲሰዳት፣ "አንተ! እዚያ እግርህ ውስጥ ድርሻ አለኝ እኮ! የኔን በወጉ ምታበት!" ትለዋለች።

እሸት የዲላ ቡድን ነው፤ ማሊያው እንደ በሰለ ቡና ቀይ፣ ተጫዋቾቹ በኳስ ደመወዝ የሚበሉ። ሲቋቋም ከተማው ነቅሎ ወጥቶ አክሲዮን ገዛ። አርባው ለልብስ ሰፊው፣ ለሥጋ ሻጩ፣ ለአስተማሪው፣ ለባለሻይ ቤቷ አንድ አንድ እየሆነ ተበተነ። ስልሳውን ቀኛዝማች ሠረቀብርሃን ወሰዱ። ቀኛዝማች የቡና መፈልፈያ፣ መጋዘን፣ እስከ ተራራው ጫፍ የሚደርስ መሬት፣ እንዲሁም "ለናንተው ብዬ ነው" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አላቸው። በዚህች ዓረፍተ ነገር ያልተወሰደብን ነገር የለም።

ጉባኤ የምንቀመጠው በሳቸው መጋዘን፣ በሳቸው የቡና ጆንያ ላይ ነው። ነገሩ ይቀርባል። አርባችን እጃችንን አውጥተን "አንስማማም" እንላለን። ከዚያ ቀኛዝማች ያቺን ቀለበት ያለባትን እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ ብቻ ከፍ ያደርጓታል። ስልሳ! አለቀ። አርባ ሰው እጁን እንደ ሰቀለ የሚያፍርበት ሌላ ቦታ አላውቅም። እንዳያወርደው አውርድ ያለው የለም፤ እንደሰቀለ እንዳይቀር ክንዱ ይደክመዋል።

"በሕጉ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን እንጂ በጭንቅላት አይደለም" ይላል ነገረ ፈጃቸው አቶ ግዛቸው፣ መነጽሩን እየወለወለ።

"እሱማ በጭንቅላት ቢሆን ኖሮ…" ትልና እትዬ ወርቂቱ ቀኛዝማችን ከላይ እስከ ታች ታያቸዋለች። አትጨርሰውም። መጨረሱን ለኛ ትተዋለች።

አንድ ጊዜ ያቺ ባለቀለበት እጅ ተነሥታ የእህታቸውን ልጅ ኃይለኢየሱስን በረኛ አደረገችው። ኃይለኢየሱስ ደኅና ሰው ነው። ጨዋ ነው። ኳስ ስትመጣም እንደ ጨዋ ሰው ገለል ብሎ ያሳልፋታል። በመጀመሪያው ጨዋታ ይርጋለሞች አራት አስገብተውብን እየዘፈኑ ሄዱ። በተከታዩ ጉባኤ፣ ልክ ኮቴን ስደርብ፣ ጣቷ ተነሣች።

"አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ትርፍ ሲመጣ ስልሳው የርስዎ ነው ተብለናል። እሑድ ከገባብን አራት ጎልስ ድርሻዎን መቼ ነው የሚወስዱልን?"

ቀኛዝማች ሳቁ። ሲናደዱ ነው የሚስቁት። "አይ ወርቂቱ! ለናንተው ብዬ እኮ ነው። ልጁ ልምድ ያግኝ።"

"ልምዱንማ አገኘ። ኳሷን ነው ያላገኛት።"

እንዲህ እያለች አመሸች፤ እኛም አብረናት አመሸን። በሚቀጥለው ጨዋታ በሩ ላይ የቆመው ያው ኃይለኢየሱስ ነበር። እኔን ያበግነኝ የነበረው ይኸው ነው። ምን ለወጠች? ስልሳ ያለው ስልሳ አለው። ይህን ያህል ጉሮሮ ከማድረቅ ቤት ገብቶ መተኛት አይሻልም? እል ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ግን ነገሩ ከጎል አለፈ። ቀኛዝማች ጉባኤ ጠሩና ዘንድሮ ቡናው በዝቷል፣ ማስጫ ጠቦናል፣ ሜዳው ደግሞ ጠፍጣፋና ፀሐይ የሚያገኝ ነው፤ ስለዚህ ቡድኑ ጥቂት ይረፍና ሜዳው የጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ማስጫ ይሁን አሉ።

"ለቀማው ካለፈ በኋላስ?" አለ ልብስ ሰፊው።

"ያን ጊዜ ደግሞ እናያለን።"

እናያለን! ባለመሬት "እናያለን" ሲል የሰማ ያውቃታል። በዚህ አገር ስንት የግጦሽ መስክ፣ ስንት የውሃ መውረጃ፣ ስንት የድሃ ጓሮ "እናያለን" ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ያየው የለም።

ለመሆኑ ያን ሜዳ ማን ደለደለው? ተዳፋት ነበር እኮ! ኳስ ብታስቀምጥበት ብቻዋን እስከ ለገዳራ ወንዝ የምትወርድበት። ከተማው ነው በዶማ ያቃናው። እኔ በዚህ በጠመኔ እጄ ድንጋይ ለቅሜበታለሁ። ልብስ ሰፊው የሚሰፋበትን ጣቱን ተቀጥቅጦበታል። የወናጎ ሰዎች ቆጮ ተሸክመው መጥተው፣ አክሲዮን የሚባል ነገር ሰምተው ሳያውቁ፣ አብረውን ቆፍረዋል። ቀኛዝማች በዚያ ሰሞን የላኩት አንድ ወንበርና አንድ ጃንጥላ ነው፤ ሲመጡ የሚቀመጡበት። አሁን ላባችን ቀጥ አድርጎ ካቃናው በኋላ ጠፍጣፋ ነው፣ ለጀንፈል ይመቻል ተባለ። ደሜ ፈላ። የሁላችንም ፈላ። ፈልቶም እዚያው ጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ ባለቀለበቷ እጅ ተነሥታለቻ!

"እንግዲህ ሌላ ከሌለ…" አለ አቶ ግዛቸው።

"አንዲት ጥያቄ አለችኝ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አላጉረመረመም።

"በመሬቱ ጭሰኛ ነን፤ እሺ፣ ተወልደን ያገኘነው ነው። በኳሱም ጭሰኛ ልንሆን ነው?"

ይህ ቃል በሰው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ለባለጆንያው የሚናገሩት ቃል አይደለም። ቀኛዝማች በዚህኛው አልሳቁም።

"አፍሽን ሰብስቢ!"

"ይሰበሰባል ጌታው። ብቻ ስልሳው የርስዎ ነው፣ አርባው የኛ ነው ከተባለ፣ የኛው አርባ ሜዳው ላይ በየት በኩል ነው? በወንዙ ነው በመንገዱ?"

አቶ ግዛቸው ያልተማረ ሰው እንደሚያስተምር ሆኖ ፈገግ አለ። "እትዬ፣ አክሲዮን እንደ ቂጣ አይቆረስም። ያንቺ ድርሻ እዚህ ጋ ነው፣ እዚያ ጋ ነው አይባልም። በሜዳው በእያንዳንዱ ስንዝር ውስጥ አለ።"

"በእያንዳንዱ ስንዝር?"

"በእያንዳንዱ።"

"መሐል ሜዳው ላይም? በሩ ውስጥም?"

"በሩ ውስጥም አለ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ቁጭ አለች።

እርስ በርሳችን ተያየን። እትዬ ወርቂቱ መልስ ተቀብላ ስትቀመጥ ያየ ሰው አልነበረም። ታማ ይሆን አልን።

በማግስቱ ጠዋት የማስጫ አልጋ የጫነው መኪና ሜዳው ሲደርስ፣ ኳስ በሚጀመርበት እምብርት ላይ አንድ እንሰት ቆሞ አገኘ።

ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም ከሰሜን መጥቼ ሰው ነው ያስረዳኝ። በጌዴኦ እንሰት ተተከለ ማለት እዚህ ባለቤት አለ ማለት ነው። ጎጆ የቀለሰ ሁሉ መጀመሪያ እንሰቱን ይተክላል። ተካዩ ያልነቀለውን እንሰት ሌላ እጅ አይነካውም። ዳኛ እስኪመጣ አያስጠብቅም፤ ነውሩ ራሱ ዳኛ ነው።

የቀኛዝማች የቀን ሠራተኞች እንሰቱን ከብበው ቆመዋል። ቀኛዝማች ደረሱና የሠራተኞቹን አለቃ ደጀኔን ጠሩት።

"ምን ያስቆማችኋል? ንቀለው!"

"ጌታዬ፣ ይኼ ባለቤት አለው።"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ! ስልሳ እኮ ነኝ!"

ደጀኔ ባርኔጣውን አውልቆ እንሰቱን በቀስታ ዞረው፤ ስልሳ የተጻፈበት ቦታ የሚፈልግ ይመስል። "እንሰቱ ግን አንድ ነው ጌታዬ። የተከለውም እጅ አንድ ነው።"

"እንግዲያስ ራሴ እነቅለዋለሁ!" ብለው ኮታቸውን ወረወሩ።

ማንም አልከለከላቸውም። የከፋው እሱ ነበር። ሠራተኞቹ ቆመው ያዩአቸዋል። ቀኛዝማች ቅጠሉን እንደ ጨበጡ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። ተራራው ላይ ቡናቸው ቀልቶ ለቃሚ ይጠብቃል፤ የሚለቅሙትም እነዚሁ ከፊታቸው የቆሙት እጆች ናቸው። ስልሳ አክሲዮን አንዲት ፍሬ አይለቅምም። እንሰቱን ለቀቁት። ኮታቸውን የሚያነሣላቸው ጠብቀው ነበር፤ የሚያነሣ ሲጠፋ ጎንበስ ብለው ራሳቸው አነሡት።

አንድን እንሰት ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ስለዚህ እስኪመሽ አርባ ሆነ። ሥጋ ሻጩ በማዕዘኑ፣ ልብስ ሰፊው በቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ፣ ሁሉም ደስ ያለው ስንዝር ላይ ተከለ። እኔም ተከልኩ። እትዬ ወርቂቱ ከኋላዬ መጥታ ወገቧን ይዛ አየችው።

"መምህር፣ ሰንደቅ ዓላማ ነው እንዴ የሰቀልከው? ቅበረው እንጂ!"

በገዛ እጄ አስነቅላ እንደገና አስተከለችኝ።

ቀኛዝማች ጀንፈላቸውን በገዛ ግቢያቸው፣ በባለቤታቸው ጽጌረዳ ላይ አሰጡ። እኛም ድል አደረግን ብለን ሳንጨርስ አንድ ነገር ገባን፤ ሜዳው ላይ ቡና የለም፣ ኳስም የለም። ያን ጊዜ በሷ ደግሞ ተናደድኩ። ለኳስ ብላ ሜዳውን ጓሮ አደረገችው! ተጫዋቾቹ በእንሰቱ መሐል እየተሽሎከለኩ ይለማመዳሉ፤ የክንፍ ተጫዋቹ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከላካይ ማለፍ ቻለ፤ ተከላካዩ ቅጠል ነው እንጂ።

የዛሬ ሳምንት ደግሞ ጉባኤ ነበረን። እትዬ ወርቂቱ ወባ ይዟት አልመጣችም። ነገሩ ቀረበ፣ አርባ ሊሆን አንድ የጎደለው እጅ ተነሣ፣ ባለቀለበቷም ተነሣች፣ አለቀ። አቶ ግዛቸው "እንግዲህ ሌላ ከሌለ…" አለ።

ማንም አልተነሣም። ኮት የደረበ የለም፤ ባርኔጣ የፈለገ የለም። ሁላችንም ዞረን የኋላውን ባዶ ጆንያ አየን። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀኛዝማችም አዩት። ቶሎ ያለቀ ስብሰባ እንዲህ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር። ወደ ቤቴ በጊዜ ገባሁ፤ ራቱ ትኩስ ነበር፤ አልበላልህ አለኝ።

እንግዲህ ትናንት ከመኪናው ኋላ ወጣሁና፣ ሳታስበው እንሰቱን ከትከሻዋ ተቀብዬ ተሸከምኩት። ኮቴ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ከትኩሳቱ ገና አላገገመችም፤ ፊቷ ከስቷል፤ ምላሷ ግን ቅንጣት አልከሳም። ለቀማው ስላለፈ አርባውም ሰው የየራሱን እየነቀለ ነው፣ ይኼም የኔው ነው አለችኝ። እንሰት በዕድሜው ደጋግሞ ይዛወራል፤ ባለቤቱ ሲነቅለው አይጎዳም፣ እንዲያውም ይወፍራል። ይህን ሁሉ ገና በጥቅምት፣ ጆንያው ላይ ቁጭ እንዳለች ታውቅ ነበር። እኔ ጓሮ አደረገችው እያልኩ ስበግን!

እሑድ ከይርጋለሞች ጋር ጨዋታ አለ። ሻይ ቤቷ በር ላይ እንሰቱን አወረድኩላት።

"በይ እንግዲህ፣ ሜዳውም ተመለሰ። አሁን ይኼን የት ልትተክይው ነው?"

"እሱ በቀኛዝማች እጅ ነው" አለች፣ የሥሩን ጭቃ በመዳፏ እየጠቀጠቀች። "እሑድ በር ላይ ያ የእህታቸው ልጅ ካልቆመ ጓሮዬ እተክለዋለሁ።"

"ከቆመስ?"

"ከቆመማ እዚያው በሩ ውስጥ እተክለዋለሁ። ድርሻሽ እዚያም አለ ብለውኛል። እንሰት ቢያንስ ኳስ ስትመጣ ገለል አይልም።"