የሃልቫር ዘመቻ ስለ አሥረኛው ፊርማ

በዘመነ ሰምና ቸኮሌት፣ የበረዶ መደልደያው ማሽን በግራንኮለን ጫካ በነገሠ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በወርኀ መጋቢት በዕለተ እሑድ፣ መዝገቡ ዛሬ በቀትር በስድስት ሰዓት ይነሣል የሚል ወሬ በመንደሩ ሞልቶ ነበር። ይህንም ያስወራችው የሃልቫር ጎረቤት ሱልቬግ ናት። እርሷም ወሬ እንደ ወተት ካልተናጠ ቅቤ አይወጣውም ብላ የምታምን ስለሆነች፣ ዐርብ በአጥር ላይ፣ ቅዳሜ በዳቦ ቤት፣ እሑድ ማለዳ ደግሞ በሌሊት ልብሷ በረንዳ ላይ ቆማ «ስድስት ሰዓት ብያለሁ! ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ!» ስትል አስነገረች።

መዝገቡም በኮረብታው ራስ፣ በእንጨት ላይ በምስማር በተመታ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የሚኖር ደብተር ነው፤ በአንድ የበረዶ ወራት ዐሥር ጊዜ በበረዶ መንሸራተቻው በስኪ ወጥቶ ስሙን የጻፈ ልጅ ከመንደሩ ስፖርት ማኅበር የሸክላ ኩባያ ይሸለማል። የሰባት ዓመቷ ሱኒቫ ዘንድሮ ዘጠኝ ጽፋለች። አምናም ዘጠኝ ጽፋ ቀርታ ነበርና፣ የሱልቬግ ልጅ ኢቨር ዓመቱን ሙሉ በሽልማት ኩባያው ካካዎ እየማገ ሲጠጣባት ከረመ።

ስለዚህም አባቷ ሃልቫር፣ መምህረ ሰም፣ አንበሳ ዘጋራዥ፣ ሠራዊቱን አስከተተ። በፊታውራሪነት ፍሪግ የተባለችው ውሻ ዘመተች፤ በደጀንነት የሁለት ዓመቱ ልጁ ብራገ በተንሸራታች ጋሪ ተጠቅልሎ፣ ተኝቶም ዘመተ፤ ስንቁም አራት ብርቱካን፣ አንድ ፔርሙዝ ካካዎና ዐሥራ ስድስት ጣት ቸኮሌት ሆኖ፣ በየመንገድ ምልክቱ ለሱኒቫ አንድ ጣት እንዲገበርላት ተደነገገ።

በዚያች አገር ሰው የሚስቱን ልደት ቢረሳ ይማርለታል፤ እንደ ቅዝቃዜው መጠን እየተመረጠ ከስኪው ሥር የሚቀባውን ሰም ቢሳሳት ግን ዘሩ ይታማል። ሃልቫርም የሙቀት መለኪያውን ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነበርና፣ ከዜሮ በላይ አነበበ፤ እንደ ሙጫ የሚጣበቀውንም የሞቃት ቀን ሰም በሁሉም ስኪ ላይ ቀባ። ከጥዱ ጥላ በገቡ ጊዜ ግን በረዶው ደረቅና አዲስ ነበረ፤ ከሰሙም ጋር ተማማለ፤ ስኪውም መንሸራተትን ክዶ፣ በረዶ ተጋግሮበት ተረከዝ አበቀለ፤ ታላቁም ሃልቫር ማሽኑ በቀደዳቸው በሁለቱ ቦዮች ውስጥ፣ ታኮ ጫማ እንደ ተጫማች ሙሽራ ተገትሮ ቀረ።

ያን ጊዜ ሰባ ዓመት የዘለለው አንድ ሽማግሌ፣ ገላው ላይ በተጣበቀ ልብስ፣ ከኋላ እንደ መብረቅ መጥቶ «መንገድ!» ሲል አወጀ፤ ሲያልፍም ዝቅ ብሎ ተመልክቶ «የኔ ወንድም፣ ሰም ነው ወይስ ማርማላታ የቀባኸው?» አለ። ሃልቫርም ተንበርክኮ ሰሙን በቤቱ ቁልፍ ይፍቅ ጀመር፤ ሲፍቅም አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ከመጨረሻው አቀበትም በደረሱ ጊዜ፣ አባት ልጁን ሊያዝል ጀርባውን ሰጠ። ሱኒቫም በዘንጓ በረዶውን መትታ ዐዋጅ አስነገረች፦ «እንዳትነካኝ አባዬ! ከታዘልኩ አይቆጠርም! ኢቨር ካወቀ አለቀልኝ! ደሞ ቸኮሌቴን አምጣ፣ ምልክቱን አልፈነዋል!»

ግብሯንም ተቀብላ፣ ስኪዋን እንደ ወፍ እግር ከፍታ አቀበቱን ያዘች። አራት ጊዜ ወደቀች። በአምስተኛው አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ወጣች።

ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ከሣጥኑ ደረሱ። የማኅበሩ ሰው ኤስበን መፍቻ ይዞ፣ ክዳኑን ነቅሎ፣ በበረዶው ላይ ገልብጦት ነበር። ብዕሩም ቀዝቅዞ አልጽፍ አለ፤ ሃልቫርም በብብቱ አሞቀው፤ ከማለዳ ጀምሮ የሠራው የረባ ሥራ ይኸው ነው። ሱኒቫ ምላሷን አውጥታ ሁለት መስመር በሚፈጅ ፊደል ስትጽፍ፣ ኤስበን «ቀስ ብለሽ እቴ፣ እኔ እንደሆን በነፃ ነው የምቆመው» ሲል ፈቀደ።

እነሆ ክብር ለሃልቫር፣ ራሱ ያጠመደውን ጠላት በቁልፍ ለፋቀው፤ ክብር ለፍሪግ፣ የብርቱካን ልጣጭ እንኳ ላላስተረፈችው፤ ክብር ለብራገ፣ ድሉን ሳያይ ለተኛው፤ ከሁሉ ይልቅ ክብር ለሱኒቫ፣ ዘዐርገት በእግራ፣ በገዛ እግሯ ለወጣችው፣ ስሟም ከኮረብታው ራስ አይፋቅ።

ሃልቫርም ለኤስበን ክዳኑን ሊያቀብል አጎነበሰ፤ በክዳኑም ውስጠኛ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ የሚል ተጽፎ አገኘ፦ «ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አምስት ፊርማ ይበቃል።»